«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ለየትኛው ዕቃ ይሠራል?

ከመርካቶ ትልልቅ ሱቆች እስከ ወረዳ ከተማ ሱቅ ድረስ የማይታጣ አንድ ጽሑፍ አለ። በካርቶን ላይ ተጽፎ ከመደርደሪያው በላይ ይሰቀላል፤ ሌላ ጊዜ በማኅተም ተቀርጾ ደረሰኝ ላይ ያርፋል፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ አይለወጥም»። ቤቱ ወስዶ ሲሰካው አልሞቅ ያለውን የእንጀራ ምጣድ ወይም በሦስተኛው ቀን የጠፋበትን ስልክ ይዞ የተመለሰ ገዢ፣ ነጋዴው በጣቱ ወደዚህ ጽሑፍ ሲያመለክትለት አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። የጠፋው ገንዘብ የወር ደመወዝ ወይም ወር ቆጥሮ የደረሰ የዕቁብ ዕጣ ሊሆን ይችላል። እሱ ግን ጽሑፉን ሕግ ነው ብሎ ይቀበለዋል።

ጽሑፉ ግማሹ እውነት ነው። ሐሳቡን ቀይሮ ዕቃውን ሊመልስ ለመጣ ሰው ይሠራል፤ እንከን ያለበት ዕቃ ለደረሰው ሰው ግን አይሠራም። ይህንን የሚለው የሀገሪቱ ሕግ ብቻ አይደለም፤ የፊቅህ ሊቃውንትም ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያስቀመጡት ልዩነት ነው። ከአንባቢዎቻችን መካከል ገዢም ነጋዴም ብዙ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ወገን በሚጠቅም መልኩ ጉዳዩን ዘርዘር አድርገን እናቀርበዋለን።

ጉድለትና ሐሳብ መቀየር

የመጀመሪያው ሥራ ይዘነው የተመለስነው ዕቃ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ ነው። የመጋረጃው ቀለም ቤት ሲደርስ ካልተስማማን፣ ያንኑ ጫማ ከታች ሱቅ በ300 ብር ቀንሶ ካገኘነው፣ ለእናታችን የገዛነውን ነጠላ ካልወደዱት፣ ዕቃው ምንም አልሆነም፤ የተቀየረው የእኛ ፍላጎት ነው። በዚህ ጊዜ ሱቁ «አልቀበልም» ቢል፣ ወይም «በሌላ ዕቃ ልለውጥልህ እንጂ ገንዘብ አልመልስም» ቢል በደል ሠራ አይባልም። የሚቀበል ነጋዴ ቸርነት አድርጓል።

እንከን የሚባለው ሌላ ነው። ዕቃው አይሠራም፤ ወይም ይሠራል ግን ከተነገረን የተለየ ነው። «ኦሪጅናል» ተብሎ የተሸጠ ኮፒ፣ አዲስ ተብሎ የተሸጠ ታድሶ የታሸገ ስልክ፣ ከካርቶኑ ውስጥ አንድ ክፍሉ የጎደለ ማሽን፣ ቀኑ ያለፈበት የታሸገ ምግብ፣ አንድ ጊዜ ታጥቦ ቀለሙ የለቀቀ «አይለቅም» የተባለ ልብስ። በእነዚህ ሁሉ ገዢው ገንዘቡን የከፈለው ለሌላ ነገር ነበር።

መሐል ላይ የሚወድቁ ጉዳዮች አሉ፤ ጭቅጭቁም የሚበዛው እዚያ ነው። ጫማው ጠበበን እንበል። 42 ቁጥር ጠይቀን፣ ካርቶኑ ላይ 42 ተጽፎ፣ ጫማው 41 ከሆነ ስሕተቱ የሻጩ ነው። ራሳችን 41 መርጠን ለክተን ሳንወስድ ከሄድን የእኛ ነው። ፍሪጁ ድምፅ ያሰማል እንበል፤ ሁሉም የዚያ ዓይነት ፍሪጅ የሚያሰማው ድምፅ ከሆነ እንከን አይባልም፤ እንቅልፍ የሚነሣ፣ ከሌሎቹ የተለየ ከሆነ ግን ያስጠይቃል። ለልጁ ትምህርት የሚሆን ኮምፒውተር እንደሚፈልግ ነግሮ፣ ሻጩም «ይሆነዋል» ብሎት የወሰደ ሰውና ምንም ሳይናገር ርካሹን መርጦ የወሰደ ሰው እኩል አይደሉም። ስለዚህ ዕቃውን ለምን እንደምንፈልገው ከመክፈላችን በፊት ጮክ ብለን መናገር ጥቅም አለው፤ ሻጩ የሰጠው ማረጋገጫ የውሉ አካል ይሆናል።

የሀገሪቱ ሕግ የሚለው

ጉዳዩን በቀጥታ የሚመለከተው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። በአዋጁ መሠረት የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች፣ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም የከፈለው ዋጋ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። አገልግሎትም እንደዚሁ ነው፤ የተበላሸ ጥገና ወይም ስፌት የደረሰው ሰው ሥራው ያለ ክፍያ እንዲደገምለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ይጠይቃል። ሻጩ የ1 ዓመት ዋስትና ከሰጠ ደግሞ 15 ቀኑ ያንን አያሳጥረውም፤ ለገዢው የተሻለው ይጸናል። ነጋዴ በሕግ ከተጣለበት ከዚህ ግዴታ በውልም ሆነ በለጠፈው ጽሑፍ ራሱን ነፃ ማውጣት አይችልም። የግድግዳው ካርቶን አቅም እዚህ ላይ ያበቃል።

ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ቀኑ የሚቆጠረው ካርቶኑ ከተከፈተበት ዕለት ሳይሆን ከግዢው ዕለት ነው። በማኅበረሰባችን ለኒካሕ የሚዘጋጁ ሙሽሮች ፍሪጁን፣ ምድጃውንና ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ገንዘብ በተገኘ ቁጥር እየገዙ ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት ቤት ያስገባሉ። ዕቃው ከነላስቲኩ ጥግ ላይ ይቆማል። ከሠርጉ ማግስት ሲሰካ አይሠራም፤ 15 ቀኑ ግን ድሮ አልፏል። እንዲህ ዓይነት ዕቃ በገባበት ቀን ተከፍቶ፣ ተሰክቶ፣ ለአንድ ሁለት ቀን ሠርቶ መታየት አለበት። ላስቲኩ ለአዲሱ ቤት ክብር ሳይገለጥ ይቆይ የሚሉ ዘመዶችን ማሳመን ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ቢሆንም ይከፈት።

ሁለተኛ፣ አዋጁ «ሸማች» የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ መጠቀሚያ የገዛን ሰው ነው፤ ዋጋውን የከፈለለት ሌላ ሰው ቢሆንም። ስለዚህ ውጭ ሀገር ያለ ወንድም በላከው ገንዘብ የተገዛ ዕቃም ይጠበቃል። ከጅምላ አከፋፋይ አምጥቶ መልሶ የሚሸጥ ባለሱቅ ግን በዚህ አዋጅ ሸማች አይደለም። እሱ የሚጠቀመው በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት ነፃ እንዲሆን ዋስትና አለበት፤ ገዢም ዕቃውን በቻለ ፍጥነት መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ግልጽ ሆኖ የሚታየውን ጉድለት እያየ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ሳያይ የገዛ ሰው በኋላ በዚያ ጉድለት ሊከስ አይችልም።

ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ አለ፦ «እኔ አልሠራሁት፤ አስመጪውን ጠይቅ»። ይህ መልስ አያድንም። ሸማቹ በዕቃው ምክንያት ለደረሰበት ጉዳት ካሣ ሲጠይቅ አምራቹን፣ አስመጪውን፣ አከፋፋዩንና ቸርቻሪውን በተናጠል ወይም በጋራ መጠየቅ ይችላል፤ ቸርቻሪው ከአስመጪው ጋር ያለውን ሒሳብ እነሱ ይተሳሰባሉ። ያገለገለን ወይም ታድሶ የተሠራን ዕቃ አዲስ ነው ብሎ ማቅረብም፣ የገቡትን የዋስትና ግዴታ አለመወጣትም በአዋጁ የተከለከሉ ተግባራት ናቸው። በነገራችን ላይ ዕቃውን አይቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ ሳይገዛ የሚሄድን ሰው «ነካክተህ ልትሄድ ነው?» ብሎ መሳደብም ያው አዋጅ የከለከለው ነው። ማየትና መከራከር የመግዛት ግዴታ አያመጣም።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ሌላ መልስ ይመጣል፦ «መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነው የተቃጠለው»። ይህ አንዳንዴ እውነት ነው፤ መብራት ያቃጠለውን ዕቃ ሻጩ እንዲሸከም መጠየቅ ፍትሕ አይደለም። ክርክሩን የሚፈታው ማስረጃ ስለሆነ፣ ከመክፈላችን በፊት ሱቁ ውስጥ ተሰክቶ እንዲታይ እናድርግ። ቤት ሲደርስ ችግር ከታየ ዕቃውን ለሠፈር ጠጋኝ ከማስፈታታችን በፊት ወደ ሻጩ እንውሰደው። አንዴ የተፈታ ዕቃ ይዞ የሄደ ገዢ ቀድሞ ተሸንፎ ነው የሄደው።

«በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?»

ይህን ጥያቄ ያልተጠየቀ የከተማ ገዢ የለም። ያለ ቫት 40,000 ብር የሚሸጥ ፍሪጅ 15 በመቶ ሲጨመርበት 46,000 ብር ይሆናል። ገዢው 6,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ዕቃው ሲበላሽ ግን ነጋዴው «ከእኔ መግዛትህን በምን አወቅሁ?» ሲለው የሚያቀርበው ወረቀት የለም፤ ስድስት ሺሁን ለማትረፍ የአርባ ሺሁን ማስረጃ ሰጥቷል ማለት ነው። ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ እንጂ ለደንበኛ የሚደረግ ውለታ አይደለም። ግብሩን መሰወሩ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ሻጩንም ገዢውንም ይመለከታል።

ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው ሁሉ ነገር አለቀበት ማለት ግን አይደለም። በቴሌብር ወይም በባንክ ከከፈለ የክፍያው ቁጥር፣ ቀንና የተቀባዩ ስም ይገኛል። አብሮት የነበረ ሰው ምስክር ይሆናል። ስልክ የገዛ ሰው *#06# ሲደውል የሚወጣውን የአይ ኤም ኢ አይ ቁጥር ከካርቶኑ ላይ ካለው ጋር እዚያው ሱቁ ውስጥ ማመሳከር ይችላል፤ ካልተመሳሰለ ስልኩ የዚያ ካርቶን አይደለም፤ ሳይከፍል ይተወው። ደረሰኝ ላይ «ስልክ 1» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ዓይነቱና ቁጥሩ እንዲጨመርበት እንጠይቅ። የቃል ዋስትናም እንዲሁ ነው፤ «ለስድስት ወር ኃላፊ ነኝ» ያለ ነጋዴ ቃሉን በደረሰኙ ጀርባ ጽፎ ቢፈርም የሚጎዳው ነገር የለም፤ ካልፈረመ ቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

በፊቅህ፦ መብትና በጎነት

በኢስላማዊ የንግድ ሕግ ገዢ ውሉን የማጽናት ወይም የማፍረስ ምርጫው «ኺያር» ይባላል። በእንከን ምክንያት የሚገኘው ኺያር (ኺያረ ዐይብ) ገዢው ቅድመ ሁኔታ ባያስቀምጥም ያለው መብት ነው። እንከኑ ከርክክቡ በፊት የነበረ፣ ገዢው ሲገዛ ያላወቀውና በነጋዴዎች ዘንድ የዕቃውን ዋጋ የሚቀንስ መሆን አለበት። የመጨረሻው መስፈርት ደስ ይላል፤ እንከን መሆኑን የሚወስነው የገዢው ቁጣ ሳይሆን የዕቃው ዋጋ በገበያ መውረዱ ነው፤ ጉዳዩን የሚያውቁ ነጋዴዎችም ይጠየቃሉ።

ሻጩ የሚያውቀውን እንከን መደበቁ ሐራም ነው። ኢማሙ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ አስገብተው እርጥበት አገኙ፤ ባለቤቱ ዝናብ መትቶት እንደሆነ ሲነግራቸው ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አጭበርባሪንም ከእርሳቸው መንገድ ውጪ አደረጉት። እዚህ ላይ የሚያስገርመው እህሉን ያረጠበው ሻጩ አለመሆኑ ነው። ዝናቡ ጥፋቱ አልነበረም፤ ጥፋቱ ደረቁን ከላይ ማድረጉ ነው። የተበላሸውን ማንጎ ከታች፣ የበሰለውን ከላይ የሚደረድር ሰው ከዚህ የተለየ ሥራ አልሠራም።

ሌላው በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ጉዳይ ገጠር ላደገ ሁሉ የሚታወቅ ነው። ላሚቱን ወይም ፍየሊቱን ከገበያ በፊት ሳያልቡ ቆይተው ጡቷ ሞልቶ እንዲታይ አድርገው ይሸጧታል። ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ይህን ከለከሉ፤ በዚህ ሁኔታ የገዛ ሰውም ካለባት በኋላ ወይ እንዲይዛት ወይ ለወሰደው ወተት አንድ ቁና (ሷዕ) ተምር ጨምሮ እንዲመልሳት ምርጫ ሰጡት። የሻፊዒ መዝሀብ በዚህ ሐዲሥ እንደ አነጋገሩ ሲሠራበት ሐነፊዎች በመመለሱ ጉዳይ ሌላ አካሄድ አላቸው። ዛሬ የባትሪው ጤንነት በፕሮግራም 100 በመቶ እንዲያሳይ ተደርጎ የሚሸጥ አሮጌ ስልክ የዚያች ላም ዘመድ ነው።

ገዢውም ግዴታ አለበት። በሻፊዒ መዝሀብ እንከኑን ያወቀ ሰው ሳይዘገይ መመለስ አለበት፤ ያለ ምክንያት ካዘገየ ወይም እያወቀ መጠቀሙን ከቀጠለ እንደ ወደደው ይቆጠራል። የሐነፊና የሐንበሊ መዝሀቦች በጊዜው ሰፋ ያሉ ናቸው፤ ሆኖም መውደዱን የሚያሳይ ሥራ ከሠራ መብቱ ይቀራል። ዕቃው ገዢው ዘንድ እያለ ሌላ ጉዳት ከደረሰበት፣ ለምሳሌ ማይክሮፎኑ የማይሠራ ስልክ ወስዶ መስታወቱን ከሰበረው፣ ሻጩን «ተቀበለኝ» ብሎ ማስገደድ አይችልም። በምትኩ የመጀመሪያው እንከን የቀነሰውን ዋጋ ያህል (አርሽ) ይጠይቃል። ሻጩ ፈቅዶ ከተቀበለው ግን ይመለሳል።

«ከማንኛውም እንከን ኃላፊ አይደለሁም» ብሎ መሸጥስ? ሐነፊዎች እንዲህ ያለውን ቅድመ ሁኔታ ይቀበሉታል። በሻፊዒ መዝሀብ የሚያድነው በሕይወት ካለ እንስሳ፣ ውስጡ ከተሰወረና ሻጩም ካላወቀው እንከን ብቻ ነው፤ ለስልክና ለፍሪጅ አያገለግልም። በየትኛውም መዝሀብ ቢሆን እያወቁ መደበቅን ሐላል የሚያደርግ ጽሑፍ የለም።

ወደማንፈልገው ዕቃ እንመለስ። እዚህ ላይ ፊቅህ ሦስት በሮች አሉት። የመጀመሪያው ገዢና ሻጭ ከተገበያዩበት ቦታ ሳይለያዩ ያለው ምርጫ ነው (ኺያረ መጅሊስ)፤ ሻፊዒዎችና ሐንበሊዎች ይቀበሉታል፣ ሐነፊዎችና ማሊኪዎች አይቀበሉትም። በሻፊዒ ከሄድን ገንዘቡን ከፍለን ገና ከባንኮኒው ሳንርቅ ሐሳባችንን ብንቀይር መመለስ እንችላለን። ሁለተኛው በስምምነት የሚቀመጥ ቅድመ ሁኔታ ነው (ኺያረ ሸርጥ)። በንግድ ይታለል ለነበረ አንድ ሰሓቢይ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ሲገበያይ ማታለል እንዳይኖር እንዲናገር አስተምረውታል፤ በሌላ ዘገባም የሦስት ቀን ምርጫ ተሰጥቶታል። በሻፊዒዎችና በአቡ ሐኒፋ ዘንድ ገደቡ ሦስት ቀን ነው። በተግባር በጣም ቀላል ነገር ነው፦ «ቀሚሱን ለባለቤቴ ነው የምወስደው፤ ካልሆናት እስከ ሐሙስ እመልሳለሁ» ማለትና ማስፈረም። ሻጩ ከተስማማ የነበረው ቸርነት መብት ሆነ፤ በሀገሪቱ ሕግም ውል ነው። ከስጦታ ግዢ በፊት ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚናገር ሰው ለምን ጥቂት እንደሆነ አይገባንም።

ሦስተኛው ኢቃላ ነው፤ ሻጩ ግዴታ ሳይኖርበት የተጸጸተን ሰው ዕቃ መልሶ መቀበሉ። አቡ ዳውድና ኢብን ማጃህ በዘገቡት ሐዲሥ እንዲህ ላደረገ ሰው አላህ ስሕተቱን ይቅር እንደሚለው ተነግሯል። ኢቃላ በተሸጠበት ዋጋ ነው። «እቀበልሃለሁ፣ ግን 500 ብር ቀንሼ» የሚለው የገበያችን ልማድ በሻፊዒ መዝሀብ ኢቃላ አይባልም፤ ሁለቱ ከተስማሙ ገዢው ዕቃውን ለነጋዴው መልሶ የሸጠበት አዲስ ሽያጭ ይሆናል። ዕቃው በዱቤ ተወስዶ ገና ካልተከፈለ ደግሞ በቀነሰ ዋጋ መልሶ መግዛቱ ዑለማዎች ከሚያስጠነቅቁት የዒና ሽያጭ ጋር ሊገናኝ ስለሚችል ዐሊም ሳይጠየቅ አይደረግ።

ቀብድም እዚሁ ይነሣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በፊቅህ ግን አብዛኞቹ ዑለማዎች ሻጩ ቀብዱን ማስቀረቱን አይፈቅዱም፣ ሐንበሊዎች ይፈቅዳሉ። ሶፋ ለማሠራት ቀብድ የምንከፍል ሰዎች ይህን ልዩነት ከመክፈላችን በፊት መነጋገር ይገባናል።

ስለ አረፋ በግ አንድ ቃል። ለኡድሒያ የማይሆነው ዓይኑ የጠፋ፣ ሕመሙ የታወቀ፣ ሽባነቱ የታየና መቅኒ እስኪያጣ የከሳ እንስሳ ነው። ገዢው ለኡድሒያ እንደሚፈልገው ለሻጩ ከነገረው፣ ቤት ሲደርስም ከሽያጩ በፊት የነበረ እንዲህ ያለ እንከን ካገኘበት ከመታረዱ በፊት ይመልስ። በመኪና ጣሪያ ታስሮ ሲጓዝ እግሩ የተሰበረ በግ ግን የሻጩ ዕዳ አይደለም።

ወደ ሱቁ ስንመለስ

መጀመሪያ ዕቃውን መጠቀም ማቆም። በስልካችን ጉድለቱን በቪዲዮ ቀርጾ፣ ዕቃውን ከነካርቶኑና ከነደረሰኙ ይዞ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ መሄድ። የጁምዓ ሰዓት ደርሶ ሱቁ ሲዘጋጋ ወይም ገዢ በተሰለፈበት ሰዓት መሄድ መልካም መልስ አያመጣም። ንግግሩ አጭር ይሁን፦ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደተገዛ፣ ምን እንደምንፈልግ (ይለወጥ ወይስ ገንዘብ ይመለስ)። ነጋዴው «እናሠራልሃለን» ካለ መቀበልም አለመቀበልም የእኛ ምርጫ ነው። ከተቀበልን ግን ዕቃውን ያስረከብንበት ቀንና የሚመለስበት ቀን በወረቀት ይጻፍ፤ አለበለዚያ «ነገ ና» እየተባለ 15 ቀኑ ያልቃል። ሱቁ ውስጥ ያለው ተቀጣሪ ከሆነ ባለቤቱን እንጠይቅ፤ የልጁ ደመወዝ ከሚቆረጥ ባለቤቱ ቢሰማው ይሻላል።

እምቢ ካለ በአካባቢው ያሉ ትልልቅ ነጋዴዎችን ማስገባት በመርካቶም በክልል ከተሞችም የቆየ መንገድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል፤ ማንም ነጋዴ በጎረቤቶቹ ፊት ስሙ እንዲጎድፍ አይፈልግም። እሱም ካልሆነ አቤቱታ ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። በፌደራል ደረጃ የሸማቾች ጥበቃ ሥራ ቀድሞ የራሱ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ነበረው፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኃላፊነት ሆኗል። አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፤ የደረሰኙ ቅጂ ይያያዝ፤ ዋናውን ለማንም አንስጥ። የተበላሸ ምግብ ወይም የሚያጠራጥር መድኃኒት ከሆነ ገንዘብ ከመመለሱ በላይ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማሳወቅ ይገባል።

አንዳንድ ወንድሞች ጉዳዩ የፊቅህ ስለሆነ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መውሰድ የሚቻል ይመስላቸዋል። አይቻልም። የፌደራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 ሥልጣናቸውን በጋብቻ፣ በፍቺና በቤተሰብ ጉዳዮች፣ በውርስ፣ በስጦታና በወቅፍ፣ ያውም ተከራካሪዎች ሲስማሙ ብቻ እንዲሆን ወስኗል። የንግድ ክርክር የመደበኛ ፍርድ ቤት ነው። ሁለቱም ወገኖች ከፈቀዱ ግን በዐሊም ፊት ተቀምጦ በሱልህ መጨረስን የሚከለክል የለም።

በቴሌግራም የተገዛና ከውጭ የመጣ

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጥ ዕቃ ሱቅም ደረሰኝም ላይኖረው ይችላል። ዕቃው በሞተረኛ ይመጣል፣ ገንዘቡ በስልክ ይተላለፋል፣ በማግስቱ ገዢው ከቻናሉ ይታገዳል። ስለዚህ ፎቶውን፣ የተነገረውን መግለጫና የተለዋወጥነውን መልእክት ቀድሞ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ስለሰጠ ቅጂው ከንቱ ወረቀት አይደለም። የሚቻል ከሆነ አድራሻውን ከማይናገር ሻጭ አለመግዛት፣ ካልሆነም አይቶ መክፈል። ሳያዩ የገዙትን ሲያዩት የመተው ምርጫም በሐነፊ መዝሀብ የታወቀ ነው።

ውጭ ሀገር ያሉ አንባቢዎቻችን ሁኔታቸው ይለያል። በብሪታንያ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ30 ቀናት ውስጥ መልሶ ሙሉ ገንዘብ መቀበል መብት ነው፤ በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ ደግሞ በደረሰ በ14 ቀናት ውስጥ ያለ ምክንያት መሰረዝ ይቻላል። በአውሮፓ ኅብረት ሀገሮችም ይኸው 14 ቀን አለ፤ የጉድለት ዋስትናው ቢያንስ 2 ዓመት ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖች ሱቆች ሁሉን ነገር ስለሚቀበሉ ሕግ ይመስላቸዋል፤ ያልፈለጉትን ዕቃ ሱቅ እንዲቀበል የሚያስገድድ የፌደራል ሕግ ግን የለም፤ የሱቁ የራሱ መመሪያ ነው፤ ደረሰኙ ጀርባ ይነበብ። በሳዑዲ ዐረቢያ በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ ጥቅም ላይ ካልዋለ በ7 ቀናት ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ ቅሬታ ደግሞ በንግድ ሚኒስቴሩ 1900 ቁጥር ይቀርባል።

ከሪያድ ወይም ከጅዳ ለቤተሰብ ስልክ የሚልኩ እኅቶቻችን ደግሞ ስልኩን ከመላካቸው በፊት እዚያው ከፍተው ለጥቂት ቀናት ይሞክሩት፤ ደረሰኙንም ከስልኩ ጋር ሳይልኩ እነሱ ዘንድ ያስቀሩት፣ ፎቶውን ብቻ ይላኩ። ዕቃው ቢበላሽ የሚመለሰው ወደዚያው ሱቅ ነው፤ ደሴ ወይም ጅማ ያለ ቤተሰብ በእጁ ያለው የዐረብኛ ደረሰኝ እዚህ የሚያስገድደው ነጋዴ የለም።